በመሐላ የተረጎምኩት ቃል

ይህን ታሪክ ከነሙሉ ዝርዝሩ የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከፊሉን ዘግይቶ ነው የሰማው። ዛሬ ልጽፈው የተነሳሁት ከእናንተ መካከል «እባክህ ና አስተርጉምልኝ» የሚባል ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው።

በፈረንጆቹ 2008 የጸደይ ወራት ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ቤድፎርድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ አንድ አፓርታማ ተከራይተን እንኖራለን። እሱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ኤርፖርት ውስጥ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እገፋለሁ። አሜሪካ የገባሁት ከናይሮቢ ነው፤ እዚያ ስድስት ዓመት በስደት ኖሬያለሁ። ምን ትሠሪ ነበር ሲሉኝ «ሱቅ ውስጥ» እል ነበር። ውሸቴን ነው። የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ልጆች ሞግዚት ነበርኩ። ታደሰ እንኳ አያውቅም ነበር።

ስዋሂሊ የለመድኩት እዚያ ቤት ነው። ቁጭ ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ያልገባኝ ነገር ሲመጣ ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ፣ ከዚያ ከሰውየው ፊትና ከሁኔታው እገምታለሁ። ግምቴ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል። አሜሪካ ስመጣ እንግሊዝኛውንም የተወጣሁት በዚሁ ዘዴ ነው። እንደ ብልጠት ነበር የማየው።

መምህር ባራካን ያገኘኋቸው በአፓርታማችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ስልክ ይዘው በስዋሂሊ ይጮኻሉ፤ መስመሩ ይቆራረጥባቸዋል። ሲጨርሱ በዚያው ቋንቋ ሰላም ብላቸው የያዙትን ሳሙና ጣሉት። ኮንጎ ውስጥ ከጎማ ከተማ በስተሰሜን ባለች የገበያ ከተማ ሃያ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሸሚዛቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ይቆልፋሉ። ለቤተ ክርስቲያን ስብሰባ በቪዛ መጥተው አልተመለሱም፤ አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ ጠይቀው ኢንተርቪው ይጠብቁ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ኔማ እዚያው ቀርታለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት መምህር ባራካ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ፎልደር አቅፈው ቆመዋል።

«ኢንተርቪዬ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ነው» አሉኝ። «ከፈረንሳይኛ የምታስተረጉምልኝ ተማሪ ሆስፒታል ገባች። ሰው ይዤ ካልሄድኩ ቀጠሮው ይሰረዛል። ሌላ ቀጠሮ ወራት ይፈጃል አሉኝ።»

«መምህር፣ የእኔ ስዋሂሊ እኮ የቤት ስዋሂሊ ነው።»

«እኔም የምነግራቸው የቤት ነገር ነው።»

ለሱፐርቫይዘሬ ኮል አድርጌ አሞኛል አልኩ።

የኢሚግሬሽን ቢሮው ጎረቤት ከተማ ኧርቪንግ ነው፤ በ183 ሃይዌይ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መምህር መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ ነበር፤ ምናልባት ፍርሃታቸውን ለማባረር ይሆናል። እኔ ስለ ኮንጎ የማውቀው «ጦርነት አለ» የሚለውን ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ከሥሩ ጀመሩ። የቤልጅየም ንጉሥ አገሩን እንደ ግል እርሻው ይዞ ከዛፍ የሚቀዳ ጎማ ያላመጣውን ሁሉ እጁን ሲያስቆርጥ፣ ከነጻነት በኋላ የተመረጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ወራት ሳይቆይ ሲገደል፣ ከዚያ አንድ ወታደር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲገዛ። በእሳቸው አካባቢ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ልዩ ነው። ነጮቹ ለእርሻቸው ጉልበት ሲያጥራቸው ከድንበር ወዲያ ሰው አምጥተው አሰፈሩ፤ ከዚያ በፊትም እዚያው የኖሩ አሉ፤ በሩዋንዳው እልቂት ጊዜ ደግሞ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ገባ፣ ገዳይም ሟችም ተደባልቆ።

«እና ጥፋትዎ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ይህንኑ ማስተማሬ ነዋ። አንዱ ታጣቂ ክፍሌ ገብቶ "እነዚያ መጤዎች ናቸው ብለህ አስተምር" አለኝ። እሱ ሲባረር ሌላው መጣና "መሬቱ ከጥንት የኛ ነው ብለህ አስተምር" አለኝ። ለሁለቱም ማስረጃው እንዲህ አይልም አልኳቸው። መጀመሪያ ቤቴን አቃጠሉት። ቀጥሎ አብሮኝ የሚያስተምረውን ምክትሌን ገደሉት። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳ ሰው የረጋ ነበር።

ቢሮው ውስጥ የጠበቀችን ኦፊሰር አርባ ዓመት የማይሞላት፣ መነጽሯን ጭንቅላቷ ላይ የሰካች ሴት ናት። ከሌላ ከተማ ለሳምንት መጥታ ኢንተርቪው እያደረገች ነው። መጀመሪያ እኔን ቀኝ እጄን አስነስታ አማለችኝ፤ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ በትክክል ልተረጉም። ከዚያ ወረቀት አስፈረመችኝ። የራሴ የዜግነት ኢንተርቪው በሚቀጥለው ወር ነበርና መሐላ የሚባል ነገር ያስፈራኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሰዓት ጥሩ ሄደ። የትምህርት ቤቱን፣ የታጣቂዎቹን፣ የተቃጠለውን ቤት ነገር አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ኦፊሰሯ «የትኛው ቡድን ነው?» ስትላቸው መምህር «በሦስት ዓመት ስማቸውን ሦስት ጊዜ ቀይረዋል፤ የትኛውን ልንገርዎት?» አሉ። ፈገግ አለች። በውስጤ ኮራሁ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው መጣች።

«ስትሸሽ ልጅህን ለማን ሰጠሃት?»

መምህር መለሱ። «ለያያ።»

አያችሁ፣ ናይሮቢ «ያያ» ማለት ሞግዚት ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የተጠራሁት በዚያ ቃል ነው። ሕፃናቱ «ያያ!» ብለው ሲጮኹ እኔ ነኝ የምሮጠው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቃሉን ስሰማ ለአፍታ እንኳ አላመነታሁም።

«ለሞግዚቷ» ብዬ ተረጎምኩ።

ኦፊሰሯ መጻፏን አቆመች። «ሞግዚት? እሺ። ስንት ዓመት ሠርታላችኋለች?»

ጥያቄውን ሳደርስላቸው መምህር ትንሽ ግራ ተጋቡ። ቢሆንም መለሱ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለእኔ ስትለፋ ነው የኖረችው። የካሳቫ ዱቄት ወደ ገበያ ተሸክማ ነው ያሳደገችኝ።»

ይህንንም ተረጎምኩ።

«ይከፈላት ነበር?»

መምህር ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወዲያው ደረቀ። «እሷን በምን እከፍላታለሁ? ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር መስሏችኋል?»

እኔም «አልከፈልኳትም፤ በምንስ እከፍላታለሁ?» ብዬ አቀረብኩት።

ኦፊሰሯ መነጽሯን ከጭንቅላቷ አውርዳ አደረገችና ከፎልደሩ ውስጥ አንድ ገጽ አወጣች። «በጽሑፍ ያቀረብከው ቃል "ልጄ እህቴ ጋ ናት" ይላል። ዛሬ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ያለ ደመወዝ ያገለገለችህ ሞግዚት ጋ ናት ትላለህ። የትኛው ነው እውነቱ? እህትህ ጋ ናት ወይስ ሞግዚቷ ጋ?»

እኔም በናይሮቢ ስዋሂሊ ጠየቅኳቸው። «ልጅቷ ያለችው "ዳዳ" ጋ ነው ወይስ "ያያ" ጋ?» ዳዳ ማለት እህት ነው።

«ዳዳ የለኝም» አሉ መምህር። «ያያ ጋ ናት።»

«እህት የለኝም። ሞግዚቷ ጋ ናት።»

እንዲህ ብዬ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ በማልኩበት አፌ ተናገርኩ። መምህር ፊቴን ያዩኝ ነበር። የሆነ ነገር እንዳልገባቸው ገብቶኛል። እኔም የሆነ ነገር አልገባኝም ነበር፤ ታሪክ አስተማሪ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው፣ የዕድሜ ልክ አገልጋይ ከየት አመጣ? ግን እንደ ልማዴ ራሴን ነቅንቄ አለፍኩት። ሀብታም ነበሩ ማለት ነው አልኩ በሆዴ። እንዲያውም፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ትንሽ ጠላኋቸው። ያለ ደመወዝ!

ከዚያ በኋላ የኦፊሰሯ ጥያቄ አጠረ። ድምፅዋም ቀዘቀዘ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎልደሩን ዘጋችና ውሳኔው በፖስታ ይላክልሃል አለች።

መኪና ውስጥ ብዙ አልተነጋገርንም። ኤርፖርቱን አልፈን ቤድፎርድ ልንገባ ስንል መምህር እንደ መተከዝ ብለው ጠየቁኝ።

«እህቴ፣ አሜሪካ ውስጥ ሰው ከእሱ በፊት ለተወለደች የእናቱ ልጅ ደመወዝ ይከፍላል?»

«ለታላቅ እህቱ? ኧረ አይከፍልም። ምነው?»

«ሴትዮዋ ለያያ ትከፍላት ነበር ወይ አለችኝ እኮ። አልገባኝም።»

«ያያ…» አልኩ። «ያያ ማን ናት?»

«ያያ ናታ! የእናቴ ልጅ። ከእኔ በፊት የተወለደችው። እናንተ ዘንድ ታላቅ ምን ይባላል? በእኛ ቤት ዳዳ የምትባለው ታናሽ ናት። ታላቅን ዳዳ ብሎ መጥራት ነውር ነው።»

መምህር ወሬአቸውን ቀጠሉ፤ አባታቸው ሲሞት ያያ ትምህርቷን አቋርጣ ገበያ መውጣቷን፣ እሳቸውን ኮሌጅ ያስገባቻቸው እሷ መሆኗን። እኔ የምሰማው ግን የራሴን ድምፅ ብቻ ነው፤ «እህት የለኝም» ሲል።

መውጫውን ይዤ አንድ ነዳጅ ማደያ ገባሁና ፓርክ አደረግኩ። ስልኬ ጮኸ። ታደሰ ነው።

«ሶ፣ እንዴት ነበር?»

ቃሉን በስህተት መተርጎሜን በአማርኛ ነገርኩት። መምህር አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ አንድም ቃል አይገባቸውም።

«ስሚኝ ሂሩት» አለ። «ፈርመሻል፣ ምለሻል። አሁን ተመልሰሽ ገብተሽ ተሳስቻለሁ ብትዪ ዋሽታለች ነው የሚሉሽ። ፋይልሽ ላይ ይጽፉታል። የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪውሽ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሰውየው ቢከለከልም ፍርድ ቤት አለው፤ እዚያ የመንግሥት አስተርጓሚ ይመደብለታል። ሁሉም ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ነው የሚያገኘው። ማለቴ፣ ጉዳዩ አልሞተም።»

«የሱ ቃል ነው እኮ ተብሎ የተጻፈው። እህት የለኝም ብሏል ብለው ነው የሚይዙት።»

«ኦኬ፣ ቤት ነይና እንነጋገራለን። አሁን ምንም አታድርጊ።»

ዘጋሁት። የመኪናዋ ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው። ኦፊሰሯ የዛሬው የመጨረሻ ቀኗ እንደሆነና አስር ሰዓት ላይ እንደምትሄድ ጠባቂው ስንወጣ ሲያወራ ሰምቼ ነበር። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። መምህርን ደጃቸው አድርሼ፣ አመስግነውኝ፣ እኔም እቤቴ ገብቼ ልብሴን መቀየር እችል ነበር። ደብዳቤው ሲመጣም አብሬያቸው አዝናለሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ ይህን ሁሉ አስቤ ነበር። ሞተሩንም አስነስቻለሁ።

«አሞሻል እንዴ?» አሉኝ መምህር። «ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ያኔ ነገርኳቸው። ናይሮቢ ያያ ማለት ምን እንደሆነ፣ እኔ ምን ብዬ እንደተረጎምኩ፣ ኦፊሰሯ ምን እንደተረዳች። ሳወራ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ስጨርስ ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኹም። ፎልደራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንት ሰዓት ቀርቶናል?»

ስንደርስ ጠባቂው አላስገባም አለ። ቀጠሮ የለንም፤ የቅድሙ የቀጠሮ ወረቀት አብቅቷል። አንዳንድ ሰው እንደዚህ ተመልሶ እየመጣ እንደሚያስቸግር ነገረን። ለመንኩት፣ አስረዳሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። ወደ አስር ሰዓት ሲጠጋ የሠራተኞቹ መውጫ ወዳለበት ጎን ዞረን ቆምን። ፀሐዩ አስፋልቱ ላይ ይነድዳል። መምህር ኮታቸውን አላወለቁም።

ኦፊሰሯ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ስታየን እርምጃዋን አፈጠነች።

«ከቢሮ ውጭ ስለ ጉዳዩ ማውራት አልችልም» አለች። «በደብዳቤ አስገቡ።»

«ስለ እሱ ጉዳይ አይደለም» አልኳት። «ስለ እኔ ነው። እኔ ሞግዚት ነበርኩ።»

ቆመች።

በዚያ በደካማ እንግሊዝኛዬ፣ እየተንተባተብኩ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ለማላውቃት ሴት ነገርኳት። ስድስት ዓመት የሰው ልጅ እንዳጠብኩ፣ እንዳበላሁ፣ ያያ ተብዬ እንደተጠራሁ። ቃሉ በእሳቸው አገር ታላቅ እህት ማለት እንደሆነ ገና አሁን መኪና ውስጥ እንዳወቅኩ። «እሳቸው አልዋሹም። ጽሑፉም ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስላልገባኝ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም።»

ሻንጣዋን አዞረች። ከዚያ ወደ ሕንፃው ተመለሰች፤ ተከተልናት። ጠባቂው ከፈተልን። አንድ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝና የሆነውን ሁሉ በእጄ ጽፌ እንድፈርም አደረገች። ስጨርስ የግሪን ካርዴን ቁጥር ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ቁጥሩን ፋይሉ ላይ ገለበጠችው።

«ዛሬ ላስተካክለው አልችልም» አለች። «ሁለታችሁም ስሙኝ። ይህ ቃለ መጠይቅ እንዳለ ቢቀጥል የምወስነውን አውቄ ነበር። አሁን ከሌላ አስተርጓሚ ጋር እንደገና እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ግን ወራት ይወስዳል። ስንት እንደሆነ ቃል አልገባም።»

ተረጎምኩላቸው። ይህን ጊዜ እያንዳንዷን ቃል «እንዲህ ነው ያልኩት፣ ገብቶዎታል?» እያልኩ ነበር።

ማታ ታደሰ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ተመልሼ መሄዴን፣ የናይሮቢውንም ጭምር። ስለ ወረቀቴ ተቆጣ። ስለ ሞግዚትነቴ ግን ብዙ ቆይቶ፣ ራቱን ከጨረሰ በኋላ፣ «ለምን እኔን ደበቅሽኝ?» ብቻ አለኝ።

የእኔ ዜግነት አምስት ወር ዘገየና ተሰጠኝ። የዘገየው በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለእናንተ መልካም ታሪክ ነበር፤ ጥፋቴን አምኜ ነገሩ ተስተካከለ ብዬ እጨርሰው ነበር።

ግን የመምህር ሁለተኛ ኢንተርቪው ሳይደርስ ጸደዩ አልፎ በጋው ገባ፤ በመከር ወራት ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። አማፅያኑ ወደ ጎማ ሲገፉ የመምህርን ከተማ ያዙ። ሕዝቡ ዝናብ እየወረደበት በእግሩ ወደ ደቡብ ሸሸ። ያያ ኔማን ይዛ ከሸሹት መካከል ነበረች። መንገድ ላይ ወባ ጣላት። መድኃኒት የያዘ ሰው አልነበረም፤ ያያ እዚያው ሞተች። ኔማን አንድ የማያውቃት ቤተሰብ ጎማ አጠገብ ወዳለ መጠለያ ካምፕ አደረሳት።

ይህን መምህር የነገሩኝ በሬ ላይ ቆመው ነው። ሸሚዛቸው እንደ ወትሮው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል።

በቀጣዩ ዓመት አሳይለማቸው ጸደቀ። ኔማም ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይታ መጣች። ስትገባ እኔም ኤርፖርት ነበርኩ፤ ሥራ ላይ አልነበርኩም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ማንንም ቀና ብላ የማታይ ልጅ ነበረች። አባቷ ሲያቅፏት እጆቿ ጎኗ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

እኔ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ በደንብ ተምሬ፣ ተፈትኜ አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። ያልገባኝ ነገር ሲኖር ሐኪሙ ቢቸኩልም፣ ታካሚው ቢሰለችም አስቆማቸዋለሁ። «ይቅርታ፣ አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ድሮ ውርደት ይመስለኝ ነበር። ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ለምታልፉ ሁሉ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው፤ የምታልፉት የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ግን አንድ ጥያቄ አልተወኝም። ያን ቀን በትክክል ተርጉሜ ቢሆን፣ መምህር በዚያው ሰሞን ልጃቸውን የሚያስመጡበትን ፈቃድ ቢያገኙ፣ ኔማና ያያ ጦርነቱ ሳይደርስ ከዚያ ከተማ ይወጡ ነበር? ልጅቷ የአሜሪካ መግቢያ ወረቀቷን ለመጨረስ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ ያያ አብራት ትሄድ ነበር? አንድ ቀን ጨክኜ መምህርን ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። ይቅርታም ለመንኳቸው። ምንም አይደለም እንዲሉኝ እየጠበቅኩ ነበር።

አላሉኝም። እንደ ክፍል ውስጥ ጥያቄ አስበውበት መለሱልኝ።

«ተማሪዎቼ ሁልጊዜ "ጥፋተኛው ማነው?" ይሉኝ ነበር። ጥፋት ያለበትን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ጻፉ እላቸዋለሁ። ንጉሡን ይጽፋሉ፣ ወታደሩን ይጽፋሉ፣ ጎረቤት አገሩን፣ ማዕድን ገዢውን፣ ሽማግሌውን፣ መምህሩን ራሱን። ሰሌዳው ይሞላል። የአንቺን ስም ከታች፣ ጥግ ላይ፣ በትንሽ ፊደል እጽፈዋለሁ።»

ከዚያም ጨመሩ።

«አልሰርዘውም ግን።»